ግጭ ወና ከሆነች በኋላ፦ ባዶው መንደር የማን ነው?

በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የጉዞ ካርታ ላይ «ግጭ» የሚለው ስም ዛሬም አለ። ከሳንቃበር ተነሥቶ የጅንባርን ፏፏቴ እያየ የሚያልፍ ጎብኚ ድንኳኑን የሚተክለው ግጭ ካምፕ ላይ ነው። በማግስቱ ወደ እሜት ጎጎ ጫፍ የሚወጣውም ከዚያው ነው። መንደሯ ግን የለችም። በሰኔ 2008 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች ለቀው ወጡ። 418 አባወራና እማወራ፣ ከነቤተሰቡ 2,508 ሰው፣ ወደ ደባርቅ ወረደ። ገብስ ይዘራበት የነበረው ተዳፋት ለጓሳና ለጅብራ፣ ግጦሹ ለዋልያና ለጭላዳ ተለቀቀ።

ባለቤቱ ጥሎት የሄደውን ቤት አማርኛ «ወና» ይለዋል፤ አራሽ የለቀቀውን መሬት ደግሞ «ጠፍ»። ሁለቱም ቃላት በውስጣቸው «ሰው ነበረበት» የሚል ትዝታ አለ። ጥያቄውም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ወና የሆነው መንደር አሁን የማን ነው? ማንስ ነው የመግባት መብት ያለው?

በሌላው ዓለም ስለ ወና ከተሞች የሚደረገው ክርክር ለመረዳት ቀላል ነው። አሜሪካ ውስጥ ወርቁ ሲያልቅ ሰው ጥሏቸው የሄደ ከተሞች አሉ። ካሊፎርኒያ የምትገኘው ቦዲ እ.ኤ.አ. በ1962 የግዛቲቱ ታሪካዊ ፓርክ ሆናለች፤ የመግቢያ የከፈለ ሁሉ ይጎበኛታል። ሌሎቹ በግለሰብ እጅ ናቸው። ባለቤቱ አጥር አጥሮ «መግባት ክልክል ነው» ይላል፤ ታሪክ ወዳዱ «ታሪኩ የሁላችንም ነው» ይላል። አንድ ባለንብረት አለ፣ አንድ ሕዝብ አለ፤ ፍርድ ቤቱም ሁለቱን ያያል።

እኛ ዘንድ ይህ ሥዕል አይሠራም። ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ወዲህ የገጠር መሬት የግል ባለቤት የለውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጸና፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። እንግዲህ አጥር የሚያጥር ባለንብረት ከሌለ፣ ወና መንደር መግባት ከየትም አገር ይልቅ እዚህ መቅለል ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የግል ባለንብረት ቢኖር ቢያንስ ይለመናል፣ ይከሰሳል፣ ሲሞትም ወራሹ ልቡ ሊራራ ይችላል። ባለቤቱ «ሕዝብ» ሲሆን ግን እዚያ ተወልዶ እዚያ ያደገው ሰው የዚያ ሕዝብ አካል መሆኑን የሚያሳይበት ወረቀት የለውም።

ነገሩ እዚህ እንዴት እንደደረሰ ለማወቅ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

የጎንደር ገበሬ መሬትን የሚያውቀው በርስት ነበር። ርስት እንደ ዛሬ ቦታ በካሬ ተለክቶ በአንድ ሰው ስም የሚመዘገብ ነገር አልነበረም። በአባትም በእናትም በኩል ከመጀመሪያው አቅኚ የሚቆጠር የዘር ሐረግ ነው። የትልቁን ዛፍ ቅርንጫፍ የቆጠረ ሁሉ ድርሻውን ይጠይቃል። አገር ለቆ የኖረ ሰው እንኳ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ፣ ሽማግሌ አስቀምጦ፣ «እኔም የእገሌ ልጅ ነኝ» ማለት ይችል ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለውም ለዚህ ነው። ይህ አባባል ስለ መሬት ብቻ የሚናገር ይመስላል፤ ግን በውስጡ ሌላ ነገር አለ፤ የመመለስ መብት። የሄደ ሰው በመሄዱ ብቻ እንግዳ አይሆንም ነበር።

እርግጥ ነው፣ ርስት ለሁሉም አልነበረም፤ ይህንን ሳይናገሩ ማለፍ ታሪክን ማሳመር ይሆናል። በብዙ የደጋ አካባቢ ሙስሊሞች ርስት እንዳይኖራቸው ተደርገው በሸማ፣ በንግድና በጭሰኝነት ኖረዋል። ቤተ እስራኤሎች ደግሞ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከአፄ ይስሐቅ ጀምሮ ርስት እንደተነፈጉ ይነገራል፤ ስማቸው ከሸክላና ከብረት ሥራ ጋር የተሣሠረውም በአብዛኛው በዚህ የተነሣ ነው። ለእነዚህ ሰዎች «መሬት ላራሹ» ባዶ መፈክር አልነበረም። የ1967ቱ አዋጅ መሬትን ከማንም እኩል በሕግ እንዲይዙ ያደረጋቸው የመጀመሪያው ወረቀት ነው። ነገር ግን ያው አዋጅ የመመለስን መብትም አብሮ ቀበረ። ከዚያ ወዲህ መሬት ያለው የሚያርስ ነው፤ ማረስ ያቆመ ወይም እንዲያቆም የተደረገ የለውም።

ፓርኩ የመጣው ሁለቱ ሥርዓቶች ከመቀያየራቸው ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጁልያን ሃክስሌይ የመራው የዩኔስኮ ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የዱር እንስሳት መጠበቂያ ስፍራዎች እንዲቋቋሙ መከረ። በ1962 ዓ.ም. የስሜን ፓርክ በትእዛዝ ቁጥር 59 በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። ስፋቱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። የመጀመሪያው የፓርኩ ኃላፊ በትውልድ ዌልሳዊ የሆነው ክላይቭ ኒኮል ነው፤ በኋላ ጃፓናዊ ዜግነት ወስዶ እዚያው ታዋቂ ደራሲ ሆነ። ስለ ስሜን የጻፈው መጽሐፍም ታትሟል። ዋልያን ለማዳን የመጣው ወጣት አብዛኛውን ጊዜውን ያሳለፈው ደን ከሚመነጥሩ፣ ከሚያርሱና ከሚያድኑ የአገሬው ሰዎች ጋር በመጋጨት ነበር። ነጋሪት ጋዜጣው አዲስ አበባ ላይ ሲታተም መንደሮቹ እዚያው ነበሩ። አዋጅ አንድን አገር ፓርክ ሊያደርግ ይችላል፤ ባዶ ግን አያደርገውም።

ባዶ የማድረጉን ሥራ ደርግ ጀመረው። ጳጉሜን 1970 ዓ.ም. ስሜን ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነ። ወዲያው በ1971 ዓ.ም. ከገደሉ ሥር በሰሜኑ በኩል የነበሩ ሰባት መንደሮች በኃይል ተነሡ። ከሺህ በላይ ሰው ነበር። ሰባቱ መንደሮች ግን ወና ሆነው አልቀሩም። በ1970ዎቹ አካባቢው የጦርነት ቀጠና ሲሆንና የፓርኩ አስተዳደር ጥሎ ሲወጣ፣ ሰዎቹ ተመለሱ። ማንም አልፈቀደላቸውም፤ የሚከለክላቸውም አልነበረም። ርስት በሕግ ከሞተ በኋላ እንኳ በሰዎቹ ልብ ውስጥ እንዳልሞተ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ይህ መመለስ ግን በኋላ በግጭ ላይ ዕዳ ሆኖ መጣ። በ1989 ዓ.ም. ዩኔስኮ ስሜንን «አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ዋልያ ተመናምኗል፣ ቀይ ቀበሮ ጥቂት ቀርቷል፣ እርሻውና ግጦሹ ተስፋፍቷል ተባለ። ከዝርዝሩ ለመውጣት ከተቀመጡት ቅድመ ሁኔታዎች መካከል የፓርኩ ወሰን እንደገና ተከልሎ መንደሮች ከውስጡ እንዲወጡና በእንብርቱ የሚኖረው ሕዝብ ቁጥር እንዲቀንስ ማድረግ ይገኝበታል። ወሰኑን በመከለል ብዙ መንደሮች ከፓርኩ ውጭ ሆኑ፤ በሌላ በኩል ፓርኩ ወደ ሊማሊሞና ወደ ራስ ደጀን አቅጣጫ ሰፍቶ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ደረሰ። ግጭን ግን በመስመር ማውጣት አልተቻለም፤ የምትገኘው መሀል ላይ ነበረች። መስመሩ ካልተዛወረ ሰው ይዛወራል። ግጭ በሰኔ 2008 ዓ.ም. ለቀቀች፤ በ2009 ዓ.ም. ፖላንድ ክራኮው ላይ የተሰበሰበው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ስሜንን ከአደጋ ዝርዝር አወጣው። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ነው።

መነሣቱ በውዴታ ነበር ወይስ በግዴታ? የመንግሥት ሪፖርቶች ነዋሪዎቹ ተመክረውበትና ተስማምተው፣ ካሣና የከተማ ቦታ ተሰጥቷቸው እንደወጡ ይናገራሉ። ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ በዚህ አይስማማም። ግጭን ከማስረጃዎቹ ሁሉ ፊት አስቀምጦ፣ ይህ «አረንጓዴ ቅኝ ግዛት» ነው ይላል። ከሁሉ የሚቆረቁረው ማነጻጸሪያው ነው። ያው ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 የደቡብ ፈረንሳይን የሴቬን ተራሮች በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበው በእረኞቹና በከብት እርባታ ባህሉ ምክንያት ነው። እዚያ እረኛው የቅርሱ አካል ነው፤ እዚህ እረኛው የቅርሱ ጠላት ነው።

የብላን ክርክር ጠንካራ ቢሆንም አንድ ነገር ያቃልላል። የስሜን ተዳፋት አፈር በእርሻ እየታጠበ መሆኑን ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እዚያ የቆየው ስዊዘርላንዳዊ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በመለኪያ አሳይቷል። የግጭ ገበሬ ራሱ ማሳው ከዓመት ዓመት እየሳሳ መሄዱን ለማወቅ ፕሮፌሰር አያስፈልገውም ነበር። ደባርቅ ላይ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና መብራት ቅርብ መሆኑም ለወጣቱ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ግጭ መነሣት ነበረባት ወይስ አልነበረባትም የሚለው ክርክር ወደፊትም ይቀጥላል። ብዙም ያልተነሣው ሌላኛው ጥያቄ ነው፤ ሰው ከተነሣ በኋላ ከቦታው ጋር ያለው ግንኙነት ምን ይሆናል?

ሕጉ ይህንን እንዴት እንዳየው መመልከት ጥሩ ነው። ግጭ ስትነሣ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነበር። ይህ አዋጅ በመሬቱ ላይ ላለ ንብረትና ለቋሚ ማሻሻያ ካሣ ያዝዛል፤ ለቤቱ፣ ለአጥሩ፣ ለዛፉ። ለተቋረጠው እርሻ ደግሞ በአምስት ዓመት አማካይ ገቢ ተሰልቶ በ10 እጥፍ ይከፈላል። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የተሻለ ነው፤ ማኅበራዊ ትስስር በመቋረጡና በሥነ ልቦና ለሚደርስ ጉዳት ካሣ እንደሚገባ ተቀብሏል። ለግጭ ግን ዘግይቷል። ሆኖም አሮጌውም አዲሱም ሕግ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ሁለቱም የሚያውቁት የሒሳብ መዝጊያን ነው። ገንዘቡ ሲከፈል ጉዳዩ ያልቃል፤ ተነሺው ከዚያ በኋላ ስለ ቦታው የሚጠይቀው ነገር አይኖርም ተብሎ ይታሰባል።

መቃብሩስ? ደንብ ቁጥር 135/1999 ለዚህ ቦታ ሰጥቷል፤ መካነ መቃብር ሲነሣ አዲስ ቦታ ለማዘጋጀት፣ አፅም ለማዛወርና ለሥርዓቱ የሚወጣው ወጪ በካሣ ይታሰባል። ለመንገድ ወይም ለግድብ ሲሆን ይህ ያስኬዳል፤ ቦታው ይታረሳል ወይም ውኃ ይተኛበታልና። ፓርክ ግን ሌላ ነው። ፓርክ ውስጥ መቃብሩ ባለበት ይቆያል፤ የሚነካው የለም። በዚያ ላይ የግጭ ነዋሪ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ በእስልምና ያለ አስገዳጅ ምክንያት መቃብር ከፍቶ አፅም ማንሣት አይደገፍም፤ መቃብርን መዘየር ግን የተለመደ ነው። ሕጉ ለሙታኑ የመሄጃ ወጪ ያስባል፤ ለሕያዋኑ የመምጫ መንገድ አላሰበም።

አሁን ማን ይገባል? ደባርቅ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ትኬት የቆረጠ፣ ስካውት የያዘ፣ በቅሎ የተከራየ ይገባል። ከቶኪዮ ወይም ከበርሊን የመጣ ሰው በዚህ መንገድ ግጭ ላይ ሌሊቱን ያድራል፤ ያለ ምንም ጥርጥር ደስ የሚል ሌሊት ነው። በወሰኑ ላይና በአቅራቢያው ያሉት ሎጆችም ሥራቸውን በፈቃድ ይሠራሉ። ከግጭ የተነሣ ሽማግሌ ግን በምን ስም ይገባል? ጎብኚ አይደለም። ነዋሪ አይደለም። የፓርኩ ሠራተኛም አይደለም። ለእሱ የተዘጋጀ ስም የለም። ከስካውቱ ጋር ቢተዋወቅ፣ ኃላፊው ቅን ቢሆን ይገባ ይሆናል፤ ያ ግን መብት ሳይሆን ውለታ ነው። ውለታ ደግሞ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይቀየራል።

ይህ የፓርክ ችግር ብቻ እንዳይመስል ከደባርቅ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ መውረድ በቂ ነው። ዳባትንና አምባ ጊዮርጊስን አልፎ ጎንደር አፋፍ ላይ ወለቃ ትገኛለች፤ ከጎንደር በስተሰሜን ምሥራቅ አምቦበር አለች። እነዚህ የቤተ እስራኤል መንደሮች ነበሩ። ስሜን ራሱ እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ አፄ ሱስንዮስ ድል እስካደረጓቸው ድረስ፣ ራሳቸውን ያስተዳድሩበት የነበረ ምድር ነው። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሆነው ወደ እስራኤል ሄዱ። እነሱ በመንግሥት መሐንዲስ አልተነሡም፤ በራሳቸው ምኞት፣ በረሃብና በጦርነትም ተገፍተው ነው የሄዱት። መሬቱን ጎረቤት አረሰው፤ በኋላም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ወጣለት። ዛሬ ከእስራኤል የአያቱን መቃብር ፍለጋ የሚመጣ ወጣት ማለፍ ያለበት በሰው ይዞታ ውስጥ ነው። ገበሬው ብዙ ጊዜ ያሳልፈዋል፤ የጎንደር ሰው እንግዳ መመለስ አያውቅበትም። እዚህም ቢሆን ግን መንገዱ የተሠራው በገበሬው ደግነት ነው፤ ደብተሩ ላይ «እዚህ መቃብር አለ፣ መተላለፊያ ይተዉ» የሚል መስመር የለበትም።

እንግሊዝ ውስጥ ኢምበር የምትባል መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1943 የጦር ሚኒስቴሩ ለወታደራዊ ልምምድ ፈልጓት 150 ያህል ነዋሪዎቿን በ47 ቀን ማስጠንቀቂያ አስወጣ። ሰዎቹ ከጦርነቱ በኋላ እንመለሳለን ብለው ነበር፤ አልተመለሱም። እ.ኤ.አ. በ1961 ከ2,000 የሚበልጥ ሰው ሰልፍ ወጣ፤ ያም አልመለሳቸውም። መንደሯ ዛሬም የጦሩ ናት፤ ቤቶቹ የተኩስ ልምምድ ግድግዳ ሆነዋል። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኑ ለጦሩ አልተሰጠም። በዓመት በተወሰኑ ቀናት መንገዱ ይከፈታል፣ በበዓሉ ሰሞን ቅዳሴ ይደረጋል፤ ከመንደሯ ተወላጆችም እዚያው መቃብር የተፈቀደላቸው አሉ። ይህ ትልቅ ፍትሕ አይደለም፤ የተሰበረ ቃል ማካካሻ ነው። ግን ቀኑ ይታወቃል። ታንክ የሚነዳ ጦር ለመቃብር ቀን ማውጣት ከቻለ፣ ዋልያ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት የማይችልበት ምክንያት የለም።

ስኮትላንድ ደግሞ ከዚህም ርቃ ሄዳለች። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባላባቶቹ ለበግ እርባታ ሲሉ ገበሬውን ከደጋው አባረሩ፤ የቤቶቹ መሠረት ዛሬም ሣሩ ውስጥ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የመሬት ሕግ ማንም ሰው ጉዳት ሳያደርስ በአብዛኛው መሬት ላይ፣ የግል ቢሆን እንኳ፣ በእግሩ እንዲሄድ መብት ሰጠ። የሚገርመው፣ መሬት በጥቂት ባላባቶች እጅ ባለበት አገር የተባረረ ገበሬ የልጅ ልጅ ወደ አያቱ ፍርስራሽ በመብት ይሄዳል፤ መሬት የሕዝብ በሆነበት አገር ግን በልመና።

የፓርኩ ሰዎች ሥጋት መሠረት የሌለው አይደለም። ለመቃብር የተከፈተ በር ለከብት ይከፈታል ይላሉ፤ በ1971 የተነሡት በ1970ዎቹ እንደተመለሱም ያስታውሳሉ። እውነት ነው። ነገር ግን እነዚያ የተመለሱት ለመዘየር ተፈቅዶላቸው ሳይሆን መንግሥት ጠፍቶ ነው። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት የታወቁ ቀናት፣ ያለ ከብት፣ ከስካውት ጋር፣ ስሙ በተመዘገበ ቤተሰብ የሚደረግ ጉዞ ለጓሳው ከአንድ የጎብኚዎች ቡድን የበለጠ ጉዳት አያደርስም። እንዲያውም ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ፣ ከዚያም በክልሉ በቀጠለው ግጭት፣ ጎብኚው ነጥፏል። የዋልያ ቁጥርም ግጭ ስትነሣ ከነበረው ከግማሽ በታች መውረዱ ተዘግቧል፤ በመንደሯ ገብስ ግን ሊሳበብ አይችልም፤ መንደሯ የለችምና። ጥይትና ሥርዓት አልባነት ከገበሬ ሞፈር የከፋ መሆኑ ታይቷል። በዚያ ጊዜ ዋልያውን ሊጠብቅ ይችል የነበረው የአገሬው ሰው ነው፤ ግን ከቦታው ጋር ያለው ገመድ ተቆርጦ ነበር።

አዋጅ ቁጥር 541/1999፣ የዱር እንስሳት ሕጉ፣ ለዚህ አዲስ አዋጅ አይጠይቅም። ፓርኩ የአስተዳደር ዕቅድ አለው፤ ዕቅዱ በየጊዜው ይከለሳል። ዋጋ ሲተመን የውጭ አገር ጎብኚ፣ የአገር ውስጥ ጎብኚ፣ ተማሪ እየተባለ በመደብ ይከፋፈላል። አንድ መደብ መጨመር ይቻላል፤ ከፓርኩ የተነሣ ቤተሰብ፣ በነፃ። የቀኑን አቆጣጠር የደባርቅ ወረዳ፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ተነሺዎቹ ተቀምጠው ሊወስኑት ይችላሉ። የመቃብሩን ካርታም አብረው ያነሣሉ። ካርታው ግን ጊዜ አይሰጥም። ግጭ ላይ የቱ ድንጋይ የማን መቃብር እንደሆነ የሚያውቁት ሰዎች ያኔ ስድሳና ሰባ ዓመት የነበሩት ናቸው፤ ደባርቅ ጫፍ ባሉት የቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ ከእነሱ ጥቂቶቹ አሁንም አሉ።